«ብዝኀ ሕይወት»፦ የአንድ ስያሜ ታሪክና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪው የቃላት ችግር

1. መግቢያ

የሕያዋንን ዓይነትና ስርጭት በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ የሚያጠና ኢትዮጵያዊ ተማሪ በሁለት ቋንቋዎች መካከል የቆመ ሰው ነው። ትምህርቱን የሚከታተለው፣ መጻሕፍቱን የሚያነበውና የዲግሪ ማሟያ ጽሑፉን የሚያቀርበው በእንግሊዝኛ ነው። የጥናቱን መረጃ የሚሰበስበው ግን በአብዛኛው ከገበሬው፣ ከእረኛውና ከመድኃኒት ዐዋቂው ዘንድ፣ በአማርኛ ወይም በሌላው የአገሪቱ ቋንቋ እየጠየቀ ነው። በጠየቀበትና በጻፈበት ቋንቋ መካከል የሚያገናኙት ስያሜዎች ናቸው። ስያሜው የተዛባ እንደ ሆነ የተሰበሰበው መረጃም ይዛባል፤ መረጃው ከተዛባ ደግሞ በእርሱ ላይ የተመሠረተው የጥበቃ ሥራ ሁሉ መሠረቱ የላላ ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው «ብዝኀ ሕይወት» የሚለው ስያሜ እንዴት እንደ ተወለደና ወደ አማርኛ እንዴት እንደ ገባ በአጭሩ ማሳየት ነው። ሁለተኛው፣ ዋናው ስያሜ በሕግና በመሥሪያ ቤት ስም ጸንቶ ሳለ፣ ከሥሩ ያሉትና ተማሪው በየዕለቱ የሚሠራባቸው ቃላት ገና አለመርጋታቸውን ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» የሚል ምልክት ያልተጨመረባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

2. ከስያሜው በፊት

ስያሜው አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የዕፅዋትና የእንስሳት ስም በብዛት ከተመዘገበባቸው ቦታዎች አንዱ የሊቃውንቱ መዝገበ ቃላት ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ በ1948 ዓ.ም.፣ የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ታትመዋል። የመድኃኒት መጻሕፍትን የመረመረው ስቴፋን ስትሬልሲን በ1968 እና በ1973 ባሳተማቸው ሁለት ሥራዎች የኢትዮጵያን ዕፅዋት ስምና አገልግሎት በሰፊው መርምሯል። ከዚህ እንደምንረዳው የዕፅዋት ስም ጥናት በአገራችን ጉዳይ ከተፈጥሮ ሳይንስ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሥነ ልሳን ጋርም አብሮ ያደገ ነው።

ከተፈጥሮ ሳይንስ ወገን ታላቁ ምዕራፍ የተከፈተው በ1919 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የእህል ዘር ሰበሰበ፤ አገሪቱንም ከዓለም የሰብል መነሻ ማዕከሎች አንዷ አድርጎ ቈጠራት። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን አንድ አስፈላጊ ልዩነት አስቀመጡ። ጤፍ፣ ኑግና እንሰት በዚሁ ምድር ከዱር ወደ እርሻ የገቡ ናቸው። ገብስና ስንዴ ግን ከመካከለኛው ምሥራቅ መጥተው በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ በዓይነት በዓይነታቸው የተባዙ ናቸው። ስለዚህ «መነሻ» እና «የልዩ ልዩነት ማዕከል» አንድ አይደሉም። በቃል ደረጃ ቀላል የሚመስለው ይህ ልዩነት በሳይንሱ ውስጥ የረጅም ዘመን ክርክር ያስነሣ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. ሲሆን፣ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት በዚህ ሙያ ከመጀመሪያው ዲግሪ በላይ መማር የሚሻ ሰው ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። የድኅረ ምረቃው ትምህርት በተከፈተበት አካባቢ ሁለት ታላላቅ ሥራዎች ተጀምረዋል። በ1976 በጀርመን መንግሥት ርዳታ የዕፅዋትን ዘር የሚሰበስብና የሚጠብቅ ማዕከል ተቋቋመ። በ1980 ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር የኢትዮጵያ ፍሎራ ፕሮጀክትን ጀመረ። ይህ ሥራ በ8 ቅጾችና በ10 መጻሕፍት ተጠናቆ የመጨረሻው የወጣው በ2009 ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ የሚገኙ ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎች በዚህ ሥራ ተገልጸዋል። እንግዲህ የዘር ማዕከሉ ሲቋቋም፣ የፍሎራውም ሥራ ሲጀመር፣ ዛሬ ለሁሉም መጠሪያ የሆነው ቃል በእንግሊዝኛም ቢሆን አልተፈጠረም ነበር። የዚያ ዘመን ተማሪዎች የሚጽፉት ስለ ዕፅዋት ስብጥር፣ ስለ ደን ይዞታ፣ ስለ ዘር ሀብት ነበር።

3. የስያሜው መወለድና ወደ አማርኛ መግባት

የእንግሊዝኛው ስያሜ በመጀመሪያ ሁለት ቃላት የነበሩት ሐረግ ሲሆን «ሕይወታዊ ልዩ ልዩነት» እንደ ማለት ነው። ቶማስ ላቭጆይ ሐረጉን በ1980 ተጠቅሞበታል። በመስከረም 1986 በዋሽንግተን ለተደረገው ብሔራዊ ጉባኤ ዝግጅት ሲደረግ ዋልተር ሮዘን ሁለቱን ቃላት አሳጥሮ አንድ አደረጋቸው። የጉባኤው ጽሑፎች በኤድዋርድ ዊልሰን አዘጋጅነት በ1988 ሲታተሙም ያው አጭር ቃል የመጽሐፉ ርእስ ሆነ። በ1992 በሪዮ ዲ ጃኔሮ ለፊርማ የቀረበው ስምምነት በ1993 መጨረሻ ሲጸና ቃሉ ከሳይንስ ቋንቋነት ወደ ሕግ ቋንቋነት ተሸጋገረ። ኢትዮጵያም ስምምነቱን በ1986 ዓ.ም. አጸደቀች።

ለአማርኛ ስያሜ የግድ ያስፈለገው በዚህ ጊዜ ነው። አገሪቱ ያጸደቀችው ስምምነት በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛ መጠራት አለበትና። በ1990 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 120 የብዝኀ ሕይወት ጥበቃና ምርምር ኢንስቲትዩት ሲቋቋም የአማርኛው ስያሜ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስም ሆነ። የመሥሪያ ቤቱ ስም ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሲለወጥ ስያሜው ግን በቦታው ጸንቷል። ከጊዜ በኋላም ቃሉ በዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍሎችና በድኅረ ምረቃ መርሐ ግብሮች ስም ውስጥ ገባ። ዱሮ «የዕፅዋት ሳይንስ» ይባል የነበረውን የሚማር ሰው ዛሬ የብዝኀ ሕይወት ተማሪ ይባላል።

የስያሜው አሠራር የታወቀውን የግእዝ መንገድ የተከተለ ነው። በግእዝ «በዝኀ» ማለት በዛ፣ ተባዛ ማለት ሲሆን የአማርኛው «በዛ» የዚያው ግስ ዘመድ ነው። ከግሱ የሚገኘው ስም «ብዝኅ» ነው። ከሌላ ስም ጋር ሲናበብም «ሕግ» «ሕገ መንግሥት»፣ «ቤት» «ቤተ መንግሥት» እንደሚሆን ሁሉ «ብዝኅ» «ብዝኀ ሕይወት» ይሆናል። ስለዚህ ትክክለኛው አጻጻፍ በግእዙ «ኀ» ነው። አማርኛ ግን ሀን፣ ሃን፣ ሐን፣ ሓን፣ ኀን፣ ኃን በድምፅ አይለይም፤ «ሕይወት»ም በሐመሩ «ሕ» ወይም በሃሌታው «ህ» ይጻፋል። እንዲህ ሲሆን አንዱ ስያሜ እስከ 12 በሚደርስ ልዩ ልዩ መልክ ሊጻፍ ይችላል። በመዝገብና በማውጫ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ችግር አይደለም።

በዚሁ ዘመን በተመሳሳይ መንገድ ሌሎች ስያሜዎችም ተበጅተዋል። «ሥነ ምኅዳር» እና «ሥርዓተ ምኅዳር» «ኀደረ» ከሚለው ግስ የወጡ ናቸው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 655 «ደኅንነተ ሕይወት»ን የሕግ ቃል አድርጎታል። ስለ ጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀም በሚነገርበት ዘርፍም «አርክቦት» የሚለው ቃል ሀብቱን ለማግኘት የሚሰጥን ፈቃድና መንገድ ለማመልከት ተሠርቶበታል።

4. ብዛት ወይስ ልዩ ልዩነት?

ስያሜው ከወጣ ወዲህ አንዳንድ የቋንቋ ሰዎች ያነሡት ተቃውሞ አለ። «ብዝኅ» ብዛት ነው፤ የሳይንሱ ጽንሰ ሐሳብ ግን ልዩ ልዩነት ነው ይላሉ። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። አንድ ዓይነት ስንዴ ብቻ የተዘራበት ሰፊ እርሻ በሚሊዮን የሚቈጠር ተክል አለበት፤ ብዛት አለው፣ ልዩ ልዩነት ግን የለውም።

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪው ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶቹ በአንዱ የሚያገኘው ስሌት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። 100 ዛፎች ያሉባቸውን ሁለት ቦታዎች እናስብ። በሁለቱም ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ ይገኛሉ። በመጀመሪያው ቦታ ከያንዳንዱ 25 ዛፎች አሉ። በሁለተኛው ቦታ 97ቱ ጥድ ሲሆኑ የሌሎቹ ሦስቱ ቍጥር አንድ አንድ ብቻ ነው። የዛፉ ብዛት እኩል ነው፤ የዝርያውም ቍጥር እኩል 4 ነው። ይሁን እንጂ ክሎድ ሻነን በ1948 ባወጣው ቀመር ሲሰላ የመጀመሪያው ቦታ 1.39፣ ሁለተኛው 0.17 ይሆናል።

ይህ ቀመር ለቋንቋ ሰዎች እንግዳ አይደለም። ሻነን ያወጣው ለዛፍ ሳይሆን ለመልእክት ነበር። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ የሚቀጥለው ፊደል የትኛው እንደሚሆን ለመገመት ምን ያህል ያስቸግራል? የጥያቄው መልስ የጽሑፉ መረጃ መጠን ነው። በደን ውስጥ የሚሄድ ሰው የሚቀጥለው ዛፍ ምን እንደሚሆን ለመገመት ሲቸገር ያ ደን በልዩ ልዩነት የበለጸገ ነው። ሁልጊዜ «ጥድ» ብሎ የማይሳሳትበት ደን ግን፣ ዛፉ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ድኻ ነው።

ታዲያ «ብዝኀ ሕይወት» ይለወጥ ማለት ነው? የዚህ ጸሐፊ አስተያየት አይለወጥ የሚል ነው። ምክንያቱም ስያሜ በሥርወ ቃሉ ብቻ አይተረጐምም፤ በብያኔውና በልማዱ ይጸናል። ልማዱም የቃሉን ትርጕም አስፍቶታል። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት «ብዝኀነት» የሚለው ቃል ስለ ሕዝቦች፣ ስለ ቋንቋዎችና ስለ ባህሎች ሲነገር ብዛትን ሳይሆን ልዩ ልዩ መሆንን ለማመልከት ተለምዷል። የተረጋን ቃል ማፍረስ አዲስ ከመሥራት የከፋ ዕዳ ያመጣል። መጥፎው ችግር ያለው እዚህ ሳይሆን ከዋናው ስያሜ በታች ነው።

5. «ዝርያ» እና «ብርቅዬ»

በአማርኛ የሳይንስ ጽሑፎች የሕያዋን ምድብ «ስፍን»፣ «መደብ»፣ «አስተኔ»፣ «ወገን»፣ «ዝርያ» እየተባለ ይዘረዘራል። በዚህ ሥርዓት «ዝርያ» የመጨረሻው ዋና እርከን ነው፤ ጤፍ አንድ ዝርያ ነው፣ ማሽላም እንዲሁ። በእርሻ ሚኒስቴር ሠራተኞች፣ በራዲዮ ዝግጅቶችና በዘር ነጋዴዎች ዘንድ ግን «ዝርያ» ማለት በአንድ ሰብል ውስጥ ያለ ዓይነት ነው። «አዲስ የስንዴ ዝርያ ወጣ» ሲባል ስንዴው ያው ስንዴ ነው። እንግዲህ «በወረዳው አምስት ዝርያ ተመዘገበ» የሚል ዐረፍተ ነገር አምስት ሰብል ይሁን የአንድ ሰብል አምስት ዓይነት ሊታወቅ አይችልም።

ጉዳቱ በሪዮው ስምምነት ብያኔ ላይ ጐልቶ ይታያል። ብያኔው ልዩ ልዩነትን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለ፣ በዝርያዎች መካከል ያለ፣ በሥርዓተ ምኅዳሮች መካከል ያለ። «ዝርያ» ለሰብሉም ለሰብሉ ዓይነትም መጠሪያ ከሆነ የመጀመሪያውና የሁለተኛው ደረጃ በአማርኛ ይደባለቃሉ፤ ብያኔውም ይፈርሳል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የመጠይቁን አማርኛ እንዳይለት አምጥቶልኝ ነበር። ቀድሞ በአንድ ቀበሌ ሲሞክረው የሆነውንም ነገረኝ። አንድን አዛውንት ገበሬ «አባባ፣ ስንት ዝርያ ማሽላ ይዘራሉ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። እርሳቸውም «ልጄ፣ ዝርያ የሰው ነው፤ የማሽላውን ዘር ከሆነ የምትጠይቀኝ ቁጭ በልና ልቍጠርልህ» አሉት። ሰባት ቈጠሩለት። እርሱም ሰባቱን በእንግሊዝኛው ረቂቅ ላይ ሰባት ዝርያ አድርጎ አስፍሯቸው ነበር። አማካሪው በቀይ እስክሪብቶ እስኪሰርዙበት ድረስ ስሕተቱ የገባው አልነበረም። ገበሬው ግን ከመጀመሪያው ለይተውታል። ለእርሳቸው «ዝርያ» የትውልድ ሐረግ ነው፣ «ዘር» ደግሞ የሚዘራው ነው። ሁለቱም ቃላት «ዘራ» ከሚለው ግስ ቢወጡም አፈ ሕዝቡ አላቀላቀላቸውም። ያቀላቀልናቸው እኛ የጽሑፍ ሰዎች ነን።

ሁለተኛው አሳሳች ቃል «ብርቅዬ» ነው። ቃሉ በአማርኛ በሁለት ፍች ይሠራበታል፤ አንደኛው ቍጥሩ ያነሰ፣ ሁለተኛው በአንድ አገር ብቻ የሚገኝ። ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ ይገጥማሉ። ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ብቻ ይገኛል፣ ዐዋቂዎቹም 500 እንኳ አይሞሉም ተብሎ ይገመታል። ነገር ግን ጭላዳ በአገራችን ደጋ ብቻ የሚኖር ሲሆን ቍጥሩ እጅግ ያነሰ አይደለም። ዝሆን በአንጻሩ በአገራችን ቍጥሩ አንሷል፣ ነገር ግን በአያሌ የአፍሪካ አገሮች ይገኛል። ለጥበቃ ሥራ ሁለቱ ጕዳዮች የሚጠይቁት እርምጃ አንድ አይደለም፤ ስለዚህ አንድ ቃል ሊሸከማቸው አይገባም። ከዚህም ሌላ «አገር በቀል» የሚለው በዚሁ ረድፍ ይደባለቃል። ወይራ አገር በቀል ነው፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም።

የቀይ ቀበሮ ስምም ራሱን የቻለ ትምህርት ይሰጣል። አውሬው በሳይንሱ ስም የተጠራው በስሜን ነው። በ1990ዎቹ የተደረገ የዘረመል ጥናት ከቀበሮ ይልቅ ለተኩላ እንደሚቀርብ አሳይቷል፤ በእንግሊዝኛም ዛሬ «የኢትዮጵያ ተኩላ» የሚለው ስም በርትቷል። ተርጓሚ ይህን ስም ሲያገኝ ቃል በቃል ቢመልሰው የአማርኛ አንባቢ ሌላ አውሬ ያለ ይመስለዋል። አፈ ሕዝቡ ያወጣው ስም የዘመድ ቈጠራ ሳይሆን የመልክ ስም መሆኑን ዐውቆ «ቀይ ቀበሮ»ን መጠበቅ ይገባል። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ የመለሱ ሊቃውንትም የሊባኖሱን ዛፍ «ዝግባ» ብለውታል፤ የእኛ ዝግባ ግን ከዚያ ዛፍ የተለየ ነው። ለትርጕም ሥራ ይህ መልካም ዘዴ ነበር። ለዕፅዋት ዝርዝር ግን አይሆንም።

6. የገበሬው ስሞች

በ1973 ሲንግና አክስቴል የተባሉ ተመራማሪዎች ከብዙ ሺሕ የማሽላ ናሙናዎች መካከል ላይሲን በሚባለው ለሰውነት አስፈላጊ ንጥረ ነገር የበለጸጉ ሁለት የኢትዮጵያ ማሽላዎች ማግኘታቸውን አሳተሙ። እንዲህ ያሉ ማሽላዎች በወሎ ገበሬዎች ዘንድ «ወተት በጉንጬ» እና «ማር ጩቄ» እየተባሉ ይጠሩ ነበር። ገበሬው ላቦራቶሪ አልነበረውም፤ ነገር ግን ወተትንና ማርን የሚያነሡ ስሞች ሲያወጣ እሸቱ ከሌላው ማሽላ የተለየ መሆኑን መስክሯል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ለቢልሃርዝያ መከላከያ ምርምር በር ከፍቷል። ያን ጊዜም የምርምሩ መነሻ የሕዝቡ ልማድና የሕዝቡ ቃል ነበር።

ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ በሚገኙ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፎች መጨረሻ እንዲህ ያሉ ስሞች በአባሪነት ይገኛሉ። ዳሩ ግን በላቲን ፊደል፣ ያለ አንድ ወጥ ሥርዓት የተጻፉ ናቸው። «ጥድ» በ«ት»፣ «ቀጋ» በ«ከ» ፊደል ሲጻፉ ጠ ከተ፣ ቀ ከከ፣ ጨ ከቸ አይለይም። የእኛም ፊደል የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ ስለማያሳይ፣ ስሙ በግእዝ ፊደል ቢጻፍ እንኳ አነባበቡ ለብቻው መመልከት አለበት። ስሙ ከየት ቀበሌ፣ ከየትኛው ቋንቋ ተናጋሪ እንደ ተገኘ ያልተጻፈበትም አባሪ ብዙ ነው። በዚህ ምክንያት አንዱ ተክል ሦስት ስም ያለው፣ ሦስቱ ተክል አንድ ስም ያላቸው መስለው ይታያሉ።

ይህ የሥርዓት ጕዳይ ብቻ አይደለም። ገበሬው የተሻሻለ ዘር ሲቀበል የቀድሞውን መዝራት ይተዋል፤ የተወው ዘር ስም ደግሞ ከአንድ ትውልድ በኋላ የሚያስታውሰው አይገኝም። ዘሩ በዘር ማዕከሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ በቍጥር ተመዝግቦ ሊተርፍ ይችላል። ስሙና ስሙ የተሸከመው ዕውቀት ግን የሚተርፉት በመዝገበ ቃላት ውስጥ ብቻ ነው።

7. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተባለው ተነሥቶ ይህ ጸሐፊ ሦስት ሐሳቦች ያቀርባል።

አንደኛ፣ «ብዝኀ ሕይወት» በግእዙ «ኀ» እና በሐመሩ «ሕ» ተጽፎ እንዲጸና፣ በመዝገበ ቃላትም ውስጥ በሦስቱ ደረጃዎች ተበይኖ እንዲገባ።

ሁለተኛ፣ «ዝርያ» ለሳይንሱ እርከን ብቻ እንዲጠበቅ፤ በአንድ ሰብል ውስጥ ላለው «የዘር ዓይነት»፣ ገበሬው ከአባቶቹ ለወረሰውም «የገበሬ ዘር» እንዲባል። «ብርቅዬ» ቍጥሩ ላነሰው ብቻ ይሁን። ለሁለተኛው ፍች የተስማማ ቃል እስኪገኝ ድረስ «በአገሪቱ ብቻ የሚገኝ» ብሎ ዘርዝሮ መጻፍ ይሻላል፤ ረጅም መሆኑ ከአሳሳችነት ይመረጣልና። እንዲሁም «ዘረመል»፣ «በራሂ» እና «ጂን» ጐን ለጐን መኖራቸው በአንድ ጽሑፍ ውስጥ እንዳይቀጥል ቢያንስ ጸሐፊው የመረጠውን ከመጀመሪያው ይበይን።

ሦስተኛ፣ በዚህ ሙያ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፍ የሚያቀርብ ተማሪ በአማርኛ ወይም ጥናቱን ባካሄደበት ቋንቋ አጭር ማጠቃለያ እንዲያቀርብ፣ የሰበሰባቸውንም ስሞች በግእዝ ፊደል፣ ከአነባበባቸውና ከተገኙበት ቦታ ጋር በአባሪነት እንዲያያይዝ። የአባሪው አንድ ቅጂ ለመዝገበ ቃላት ሥራ ቢተላለፍ የቋንቋ ባለሙያዎች በብዙ ድካም የማያገኙት ሀብት በየዓመቱ ይሰበሰባል።

የአካዳሚው ሥራ ያፈራው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. ሲታተም የሙያው ሊቃውንትና የቋንቋው ሊቃውንት በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ እንደሚችሉ አሳይቷል። አሁን የሚያስፈልገው ያ ጠረጴዛ እስከ ማሳው ድረስ እንዲረዝም ነው። በዚያ በኩል ተማሪውን «ቁጭ በልና ልቍጠርልህ» የሚሉ አዛውንት አሉ፤ የሚቈጥሩት ግን እርሳቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ ብቻ ነው።